በሽታው ሌላ፣ ስሙ ሌላ፦ ከሐኪም ቤት የምንሰማቸው ቃላት ከየት መጡ?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

“ራሴን አሞኛል፣ ኪኒን አለሽ?” እንላለን። የራስ ምታቱም ኪኒን ነው፣ የጨጓራውም ኪኒን ነው፣ የትሉም ኪኒን ነው። ኪኒን ግን መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚበቅል ሲንኮና የሚባል ዛፍ አለ። ሁለት ፈረንሳውያን መድኃኒት ቀማሚዎች፣ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ከዛፉ ቅርፊት አንድ መራራ ነገር ለይተው አወጡ። ኩዊኒን አሉት። የወባ መድኃኒት ሆኖ ዓለምን ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ እኛም ዘንድ ደረሰ። ስሙ ግን እኛ ጋ ሲደርስ ከባለቤቱ አመለጠና የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ጎረቤት ለጎረቤት “እኔን የተሻለኝ ኪኒን” ብሎ ሲያካፍል ሁለቱም አንድ ነገር ያወሩ ይመስላቸዋል። አንዱ የሚያወራው ስለ ራስ ምታት ማስታገሻ፣ ሌላው ስለ ልብ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

የጤና ባለሙያዎችን ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። የበሽታ ስም ሲወጣ፣ ስም አውጪው በዚያን ጊዜ ያየውን፣ የፈራውን ወይም ያመነውን ነው የሚሰይመው። በኋላ እውቀቱ ይለወጣል፤ ስሙ ግን እዚያው ይቀራል። አሮጌውን እምነት በጀርባው አዝሎ ከእኛ ጋር ይኖራል። አንዳንዴ ያስቃል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ይገድላል። እስኪ ጥቂቶቹን ቃላት ከፍተን እንያቸው።

መጥፎ አየር

ማላሪያ የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው፤ “መጥፎ አየር” ማለት ነው። ረግረግ አጠገብ የሚያድር ሰው ሲታመም ያዩ ጣልያኖች፣ ከረግረጉ የሚነሳው ሽታ ነው የሚገድለው አሉ። የእኛ ሰው ደግሞ የሰውነቱን ትኩሳት አይቶ “ንዳድ” አለው፤ የሚያነድ። “ወባ” የሚለው ደግሞ በዓረብኛ ወረርሽኝን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ሦስት ስም፣ ሦስት እይታ፤ አንዱ አየሩን፣ አንዱ ትኩሳቱን፣ አንዱ ብዛቱን። ትንኟን የጠራት የለም።

ላቬራን የሚባል ፈረንሳዊ ወታደራዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በታማሚ ደም ላይ ጥገኛ ተህዋሱን በማይክሮስኮፕ አየ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ በ1897 ህንድ ውስጥ ያንኑ ተህዋስ በትንኝ ሆድ አገኘው። መጥፎው አየር በዚያን ቀን ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይከሰሳል።

እዚህ ላይ አባቶቻችንን አንናቃቸው። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበር። ምክንያቱን ባያውቀውም ፍርሃቱ ልክ ነበር፤ ትንኟ የምትነድፈው በአመዛኙ ሲመሽና ሌሊት ነውና። ችግሩ የመጣው በሽታው ራሱ ወደ ደጋው ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችን ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወባን ብዙም የማያውቁ ከፍታ ቦታዎችን ሳይቀር መታ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል።

አየርን የመክሰስ ነገር የጣልያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 1911 ዓ.ም፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። “የኅዳር በሽታ” ተባለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተረፉ። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን፤ “ኅዳር ሲታጠን” እንለዋለን። በሽታው ከቆሻሻው ሽታ የመጣ፣ በጭሱ የሚሄድ መስሎን ነው። እና ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ቃልስ? እሱም ጣልያንኛ ነው፤ “ተጽዕኖ” ማለት ነው። የከዋክብት ተጽዕኖ! እነሱ ወደ ሰማይ አዩ፣ እኛ ወደ ቆሻሻው አየን፤ በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይተላለፍ ነበር።

ይህ ያለፈ ታሪክ ከመሰላችሁ ነገ ጠዋት ታክሲ ተሳፈሩ። አንዱ ያስላል፣ ሌላው ያስነጥሳል፤ አንድ ሰው መስኮት ከፈት ሲያደርግ ከኋላ “ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!” የሚል ድምፅ ይመጣል። አየሩን እንፈራለን፤ አየሩ ግን እዚያች ታክሲ ውስጥ ያለን ብቸኛ ወዳጅ ነው። ጉንፋንም ሆነ ቲቢ የሚወደው የተዘጋ መስኮት ነው።

ክታብ እና ክትባት

አሁን ደግሞ ደስ የሚለኝን ቃል ላንሳ። “ከተበ” በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። ክታብ ጽሑፍ ነው፤ ደብተራው ብራና ላይ ጽፎ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። ክትባትም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ክንድ ላይ ተጭሮ የሚቀረው ምልክት ጽሕፈት ቢመስል አይገርምም።

ነገሩም ከፈረንጅ መርፌ በፊት እኛ ጋ ነበረ። ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ፣ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ ማስገባት የቆየ ልማድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህን አይቶ ጽፏል። አደገኛ ነበር፤ አንዳንዱ በዚያው ይሞት ነበር። አብዛኛው ግን ቀለል ብሎት ታሞ ይድናል፣ ዳግመኛም አይዘውም። እንግሊዛዊው ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከሰው ፈንጣጣ ይልቅ ቀለል ያለውን የላም ፈንጣጣ ተጠቀመ። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ “ቫክሲን” የሚሉት፤ ቫካ በላቲን ላም ናት። ፓስተር በ1881 ለጄነር ክብር ሲል ቃሉ ለሌሎች በሽታዎችም እንዲያገለግል ሐሳብ አቀረበ። ስለዚህ የፖሊዮ ጠብታ ሲሰጥ ላም የለችም፤ ስሟ ግን አለች። መጻፍም የለም፤ እኛ ግን ከተብን እንላለን።

ፈንጣጣን ከምድር የማጥፋቱ ዘመቻ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ከታቢዎቹ በእግርም በበቅሎም ገደል ለገደል ዞሩ። በነሐሴ ወር መጀመሪያ 1968 ዓ.ም የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ታማሚ ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. ፈንጣጣ ጠፍቷል ብሎ አወጀ።

ታዲያ በዚህ ቃል ላይ ያለው አደጋ ምንድነው? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክታብ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ከሁሉም ነገር ይጠብቃል ተብሎ ነው። ክትባት እንዲያ አይሠራም። የኩፍኙ ለኩፍኝ፣ የፖሊዮው ለፖሊዮ ነው፤ “ልጄ ተከትቧል” ብሎ መተኛት የለም፣ የትኛው ቀረው ብሎ ካርዱን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ “ልጁ ተወግቷል” የሚለው አነጋገራችን ነው። ሲታመም የተወጋው የመድኃኒት መርፌና ጤነኛ ሆኖ የተወጋው ክትባት በአፋችን አንድ ይሆኑብናል። መድኃኒቱ የገባውን ጠላት ይወጋል። ክትባቱ ደግሞ ጠላቱ ሳይመጣ መልኩን ለሰውነት ያሳየዋል፤ በመጣ ጊዜ እንዲያውቀው። ለዚህ ነው ጤነኛ ልጅ የሚከተበው።

ነቀርሳ

እውነቱን ለመናገር ከአማርኛ የሕክምና ቃላት ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። አንድ ቃል ለሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ በሽታዎች እንጠቀምበታለን። ቲቢ “ሳምባ ነቀርሳ” ነው። ካንሰርም “ነቀርሳ” ነው።

በየቋንቋው ስሙን ያወጡት ሰዎች በዓይናቸው ያዩትን ነው የተናገሩት። ካንሰር በላቲን ሸርጣን ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ግሪኮቹ እነ ሂፖክራተስ በቋንቋቸው ሸርጣን ብለውታል። ከእብጠቱ ዙሪያ የተወጠሩት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር መስለው ታይተዋቸው ነው። ሮበርት ኮኽ መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ቲቢን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ ሲያስታውቅ ሁለቱ በሽታዎች ለሳይንስ ለዘላለም ተለያዩ። በእኛ አፍ ግን አልተለያዩም።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ቲቢ ከውጭ የሚገባ ጀርም ነው፤ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ካንሰር ከውጭ የሚገባ ጀርም አይደለም። የራሳችን ህዋሳት ልክ አልባ ሆነው ሲባዙ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙው ይታከማል። እንግዲህ አስቡት። “ነቀርሳ ነው” የተባለ የቲቢ ታማሚ፣ ሊድን የሚችል ሰው፣ ሞት ተፈርዶብኛል ብሎ አገሩ ገብቶ ይተኛል። አስሎም ቤተሰቡን ያስይዛል። በዚያኛው ቤት ደግሞ የጡት ካንሰር ያለባት እናት ሳህኗና ብርጭቆዋ ይለያል፤ ልጆቿ እንዳያቅፏት ይከለከላሉ። አንዱ መራቅ ሲገባው ይቀርባል፣ ሌላዋ መቀረብ ሲገባት ትርቃለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል።

“እጢ” የሚለውም እንዲሁ ነው። አንገት ስር ያለው ተፈጥሯዊው እጢ፣ በቲቢ ያበጠው እጢ፣ ካንሰር ያልሆነው እባጭ፣ ካንሰሩም “እጢ” ይባላሉ። “እጢ አለብሽ” ከተባልሽ ሳትደነግጪ ጠይቂ፦ “ካንሰር ነው ወይስ ካንሰር ያልሆነ? ናሙና ተወስዶ ታይቷል ወይ?” መልሱን ሳትሰሚ ከወንበሩ አትነሺ።

ደም ብዛት

ይህንን የምጽፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስለጠየቀችኝ ጭምር ነው። “ጋሼ፣ ደም ብዛት ያለበት ሰው ደም ማነስ ሊኖረው ይችላል ስላቸው ታካሚዎች ይስቁብኛል” አለችኝ። አይፈረድባቸውም። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ የበዛ ነገር እንዴት ያንሳል?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልክ ዓድዋ ላይ ድል በተደረገበት ዓመት፣ በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ሪቫ-ሮቺ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ አስተዋወቀ። በ1905 ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ጨመረበት። ዛሬም ጤና ጣቢያ የሚለካችሁ በዚያው ዘዴ ነው። መሣሪያው የሚለካው የደምን ብዛት አይደለም፤ ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበትን ኃይል ነው። “120 በ80” ሲባል፣ ላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ ታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። ቁጥሩ ግፊቱ ስንት ሚሊሜትር የሜርኩሪ ዓምድ ወደ ላይ እንደሚያነሳ ይናገራል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደም ማነስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ቀጠነ ማለት ነው፤ ቀዩ ነገር አነሰው። ቀጭን መረቅ በጠባብ ቱቦ በኃይል ቢገፋ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ መረቁ ግን ያው ቀጭን ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ። ተማሪዬ ልክ ናት።

“ብዛት” የሚለው ቃል ግን ሌላ ሐሳብ ይወልዳል። የበዛውን ማፍሰስ ነዋ! ዋግምት የሚያስደርግ አለ፤ ፈረንጆቹም ለብዙ መቶ ዓመታት ደም በአልቅት ሲያስመጥጡ ኖረዋል። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አባት “ደም ማነስ አለብዎት” ሲባሉ “እንግዲያው ብዛቱ ለቀቀኝ፣ ተመስገን” ብለው የግፊት መድኃኒታቸውን ተዉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው። የተማሩ ናቸው፤ ጋዜጣ አንባቢ ናቸው። ያመኑት ቃሉን ነው።

ስለዚህ “የደም ግፊት” ማለትን እንልመድ። ግፊት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ራስ ባያምም ግፊት አለ፤ መድኃኒቱም ራስ ሲያም ብቻ የሚዋጥ አይደለም።

ስም መለወጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ አድርገነዋል። ድሮ “ቁምጥና” ይባል የነበረውን አስታውሱ። ቃሉ ከበሽታ አልፎ ስድብ ሆነ። ታማሚው ጣቱ ሳይጎዳ በፊት ስሙ ከቤቱ ያስወጣው ነበር። ስለዚህ ይደብቀዋል፤ ሲደብቀው ይብስበታል። ኖርዌያዊው ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን አገኘው፤ እርግማንም የዘር ውርስም እንዳልሆነ ታወቀ። እኛ አገር በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ለሕሙማኑ ሆስፒታል ተሠራ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. እዚያው አለርት ተቋቋመ። ከ1980ዎቹ ወዲህ መድኃኒቱ ተጣምሮ እየተሰጠ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። በዚህ መሀል “ሥጋ ደዌ” የሚለው ስም በጤና ተቋሙም፣ በሬዲዮውም፣ በየማኅበሩም እየተደጋገመ የድሮውን ስም ከአደባባይ አስወጣው። ስሙ ብቻውን አላዳነም፤ ሰው ግን ሳያፍር ወደ ሕክምና እንዲመጣ በር ከፈተ።

ክፍተቱ ከየት መጣ?

“ሐኪም” የዓረብኛ ቃል ነው፤ ጥበበኛ ማለት ነው። በመቅደላ ጊዜ በሕፃንነታቸው ተወስደው፣ ህንድ አድገው፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው የመጡትን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሕዝቡ “ሐኪም ወርቅነህ” ብሎ ጠራቸው። ሙያው ስም ሆነላቸው። ከዚያም በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በየአውራጃው ተሠማሩ። ትልቅ ሥራ ነበር። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ አሁንም ነው። ባለሙያው በአንድ ቋንቋ ይማራል፣ በሌላ ያክማል። በመሀል ያለውን ገደል የሚሻገረው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው፤ አንዳንዱም ሳይሻገረው ይቀራል።

ተማሪዎቼ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፈተናዬ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ “ይህን በሽታ ለአያትህ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዳ፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አትጠቀም።” የልብን ሥዕል አሳምራችሁ የሠራችሁ ልጆች እዚህች ላይ ስትንተፋተፉ አይቻለሁ። ክፋት እንዳልነበረ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል። አያትየው ካልገባቸው መድኃኒቱ ተገዝቶ ትራስ ስር ይቀራል።

ባለሙያ ለሆናችሁ፦ የበሽታውን ስም ከነገራችሁት በኋላ “እስኪ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ነው የሚነግሩት?” ብላችሁ ጠይቁ። የገባውና ያልገባው እዚያ ላይ ይለያል። አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ታካሚ ለሆንን ለሁላችን ደግሞ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የበሽታው ስም ምንድነው፣ ጻፉልኝ። የትኛውን የሰውነቴን ክፍል ነው የያዘው? ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል? ይድናል ወይስ አብሮኝ ይኖራል? መድኃኒቱን እስከ መቼ ነው የምወስደው፣ ሲሻለኝ አቆማለሁ ወይ? ሐኪሙ ቢቸኩልም ጠይቁ። አለማወቅ አያሳፍርም፤ እነዚህን ቃላት ያወጧቸው ሰዎችም አያውቁም ነበር።

በየአካባቢያችሁ በሽታ የሚጠራባቸውን ስሞች ከነትርጉማቸው ከስር ጻፉልኝ። የወፍ በሽታ፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ምች… ቋንቋችን ሀብታም ነው። ሰብስበን አንድ በአንድ እንፈታቸዋለን። ወላጆቻችሁ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ደውላችሁ “ደም ብዛት ማለት ምን ይመስልዎታል?” ብላችሁ ጠይቋቸው።

ሰላም እደሩ።